እንዲሞት የተቀጠረው ዓሣ

በኒርመሌንዱ ባቡ ሳሎን ዓሣ ሲሞት አይታዘንም ነበር። ጣፋጭ ይገዛል።

ነገሩ የጀመረው ኮከብ ቆጣሪው ታራፓዳ ሻስትሪ በካልካታ ሾባባዛር ሰፈር ያለውን አሮጌ ቤት ዞሮ አይቶ፣ ሳሎኑ በሰሜን በኩል ውሃ ይጎድለዋል ያለ ቀን ነው። አኳሪየም ይግባ፣ ውስጡ ስምንት ወርቃማና አንድ ጥቁር ዓሣ ይዋኙበት ብሎ አዘዘ። ወርቃማዎቹ ሲሳይ ይጠራሉ። ጥቁሩ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚመጣውን ክፉ ነገር ቀድሞ ይውጣል፤ ሲሞላበት ይሞታል። ስለዚህ ጥቁሩ በሞተ ቁጥር ኒርመሌንዱ ባቡ ሬሳውን በማንኪያ አውጥቶ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አገላብጦ ያየውና «ይሄ ለእኔ ነበር የመጣው» ይላል። ሚስቱ ሹብራ እጆቿን ግንባሯ ላይ ገጥማ ታመሰግናለች። አንድ ጊዜ ትራም ሊገጨው ሲል ለጥቂት ተረፈ፤ ያተረፈው ዓሣው ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትራም አጠገቡ እንኳ ሳይደርስ ቀረ፤ እሱም የዓሣው ሥራ ነው።

እሁድ ጠዋት ከወፍና ከዓሣ ገበያው ሌላ ጥቁር ዓሣ ይመጣል። ኒርመሌንዱ ባቡ የፕላስቲኩን ከረጢት በጥርሱ ይፈታና ዓሣውን ከነገበያው ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ ይገለብጠዋል። ሥራውን ዛሬውኑ ይጀምር እንደማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከጓዳ በር ላይ ቆማ የምታየው ታናሽ እህቱ ኮኒካ ነበረች። ባሏ ሮቢን ሲሞት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና አቻር፣ ማለት በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ፣ የሚቀመጥበት አንድ የመስታወት ማሰሮ ይዛ ነው። ማሰሮው ውስጥ አቻር አልነበረም። የጣት ጥፍር ካከለበት ጊዜ ጀምሮ ሮቢን ያሳደገው ላልቱ የሚባል ቀይ ዓሣ ነበር። የባሏ ወንድሞች ቤቱንም አልጋውንም ብስክሌቱንም ሲከፋፈሉ ዓሣውን ማን ይውሰድ የሚል አልተነሳም። የወንድሟ አኳሪየም ያኔ አንድ ወርቃማ ጎድሎት ስለነበር ላልቱ ለቁጥር ማሟያ ገባ። ኮኒካም ቤቱ ውስጥ እንደዚያው ነው የገባችው፤ ምግብ አብሳይዋ በዚያው ሰሞን ሥራ ለቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ይሄ የኔ ነው የምትለው ነገር ያ ዓሣ ብቻ ነበር። ጠዋት ገና ጥላዋን ሲያይ ወደ መስታወቱ ይመጣል። ለሌላ ሰው አይመጣም። ይሄ ትንሽ ነገር የሚመስለው በቤቱ የሚጠብቀው ሌላ ላለው ሰው ነው።

«ዳዳ፣» ትል ነበር ወንድሟን፣ «አዲሱን ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው በባልዲ ያቆዩት። ከገበያ ምን በሽታ ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። ሮቢን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» ይላታል። «ክፉ ነገር ሊውጥ የመጣን ዓሣ ከክፉ ነገር ልጠብቀው?»

ሮቢን በሕይወት እያለ እሷ ራሷ የልብስ ማጠቢያ ባልዲዬን ለእንግዳ ዓሣ ትይዝብኛለህ ብላ ስንት ቀን ተጨቃጭቃዋለች። ሮቢን «እንግዳ መጀመሪያ በረንዳ ነው የሚቆየው» ይልና ባልዲውን አይለቅም ነበር። ዓሦቹ ግን አይሞቱም ነበር።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ሲገባ የሰፈሩ የዱርጋ በዓል ኮሚቴ ሊቀመንበር የሚመረጥበት ጊዜ ደረሰ። ኒርመሌንዱ ባቡ ወንበሩን ከልቡ ፈለገው። ተቀናቃኙ ፖልቱ ባቡ ነበር፤ የድንኳን አከራይ፣ ጉሮሮው ያለ ማጉያ ሁለት መንገድ የሚያቋርጥ ሰው። ኒርመሌንዱ ባቡ በራፉ ላይ ባለው የድንጋይ መደብ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሻይ ይጋብዛል፤ ባለፈው ዓመት የእንስቷ አምላክ የዱርጋ ሐውልት አፍንጫ ተጣሞ የቀረው በማን ስንፍና እንደሆነ ይናገራል።

የዚያ እሁድ ጥቁር ዓሣ ጅራቱ ላይ ነጭ ነገር ነበረው። ኮኒካ አየችው።

«ዳዳ፣ ይሄ ታሟል። አያስገቡት።»

«እንዲያውም ጥሩ፤» አለ ኒርመሌንዱ ባቡ፣ «ሥራውን መንገድ ላይ ጀምሯል ማለት ነው።» ዘጭ አደረገው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ዓሦቹ ሁሉ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ክንፋቸውን አጥፈው ጎናቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሻሉ፣ ከውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ። ላልቱ ጥግ ይዞ ቆመ። ኮኒካ ስትመጣ ዓይኑ ዞረ፤ እሱ ግን አልመጣም።

በካልካታ ዓሣ ታመመ ከተባለ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ሁሉም ዓሣን በደንብ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በሰናፍጭ ተሠርቶ ነው። ጎረቤቶች ተራ በተራ እየመጡ በመስታወቱ አጮለቁ። አንዱ የኒም ቅጠል አለ፣ አንዷ ሙዝ፣ አንዱ ደግሞ አንገቱን ነቅንቆ ይሄኛው በዚህ መጠኑ ከድንች ጋር ይሄድ ነበር አለ። ሹብራ ከሁሉም ቀደመች። እርድ የማይፈውሰው ነገር የለም ብላ አንድ ማንኪያ ሙሉ ውሃው ውስጥ በተነች። ውሃው ብጫ ሆነ። ዓሦቹ ገና በሕይወት ሳሉ ወጣቸው የቀደመ መሰለ።

«ቦውዲ፣» አለች ኮኒካ ለወንድሟ ሚስት፣ «ጨውና ቃሪያ ብቻ ነው የቀረሽ።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ታውቂያለሽ። እስኪ የሚሻል አምጪ።»

ኮኒካ የሚሻል ያለችውን አመጣች፤ ይሄ የእሷ ጥፋት ነው። የሰፈሩን ዶክተር ኦቢናሽ ጠራችው። ዶክተሩ ለእያንዳንዱ በሽታ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቁ ነጫጭ የስኳር እንክብሎች የሚሰጥ፣ ከመስጠቱ በፊት ግን የበሽተኛውን ጠባይ አጥብቆ የሚመረምር ሰው ነው። ወንበር ስቦ አኳሪየሙ ፊት ተቀመጠ፤ መነጽሩን ጠረገ።

«በሽተኛው ቁጡ ነው ወይስ ገራም?»

«ዓሣ ነው፣ ዶክተር» አለች ኮኒካ።

«እሱን አይቻለሁ። ጠዋት ይብስበታል ወይስ ማታ?»

«ቀኑን ሙሉ ነው።»

«ከሰው ጋር መሆን ይወዳል? ወይስ ብቻውን ተቀምጦ ይተክዛል?»

«ድሮ ይወድ ነበር። አሁን ጥግ ይዟል።»

«መልካም።» ጻፈ። «ጥማት አለው?»

ኮኒካ አኳሪየሙን አየች። ዶክተሩም እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ቢሆንም ውስጡን ሊጠማው ይችላል። ምንም አላለም?»

«ለእኔ አልነገረኝም።»

«የሚደብቅ በሽተኛ ነው» አለ ዶክተር ኦቢናሽ፣ በዚህም ደስ ያለው ይመስላል። እንክብሎቹን ሰጣት። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «መድኃኒቱን እስኪጨርስ ጥሬ ሽንኩርት እንዳይቀምስ» ብሎ አስጠነቀቀ።

እንክብሉ ውሃው ውስጥ ሟሟ። ነጩ ነገር ጨመረ። ኮኒካ የዚያን ቀን ምሳ እያቀረበች በራሷ ተናደደች። የዶክተሩ ቂልነት አልነበረም ያናደዳት፤ ያንን ሁሉ ዘመን ሮቢን ሲያደርግ እያየች፣ አውቃም ተዉ እያለች፣ እሱ ያደረገውን ትታ የስኳር እንክብል መጠበቋ ነው። ወንድሟ ሩዙን አፉ ላይ ሳያደርስ ተናገረችው።

«ዳዳ፣ ዓሦቹን ሁሉ ላውጣቸውና በጨው ውሃ ላክማቸው።»

ኒርመሌንዱ ባቡ ፊቱ በራ። «አይነኩም። ሻስትሪ ጠዋት መጥቶ አይቷቸዋል። ነገሩ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ምርጫው ነው። የፖልቱ ክፋት ለአንድ ጥቁር ዓሣ ስለበዛበት ወርቃማዎቹም እየተካፈሉለት ነው። ከዳኑ ክፋቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ እኔ።»

«ወደ እርስዎ የሚመጣው የቆሸሸ ውሃ ነው።»

«በይ ያንቺን ያን አንዱን ውሰጂ። ሌሎቹን አትንኪ፣ የኔ ናቸው።»

ለሰባቱ ወርቃማዎችና ለጥቁሩ ብዙ ተከራከረች። አልሰማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒርመሌንዱ ባቡ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ አኳሪየሙ ፊት ይቀመጥና ነጩ ነገር ከትናንት መጨመሩን ያያል። «ዛሬ ጨምሯል» ይላል ለሚስቱ፣ ሰው የአትክልቱን ፍሬ እንደሚያይ።

ኮኒካ ላልቱን በሁለት እጇ አቅፋ ሳይሆን፣ ሮቢን እንደሚያደርገው ከውሃው ሳታወጣው በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ፣ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ውሃ ማጠራቀሚያው በሚጥለው ጥላ ሥር ባልዲዋን አኖረች። የቧንቧውን ውሃ የቧንቧ ሽታው እስኪለቀው ከትናንት ጀምሮ አሳድራው ነበር። ተራውን ድንጋይ ጨው በአንድ ጊዜ ሳትከምርበት በትንሽ በትንሹ እያሟሟች ጨመረችለት። አየር የምትነፋውን ትንሽ ሞተር ከደረጃው ሶኬት ላይ ሰካች። በዚያ ወቅት መብራቱ መሄድ ስለሚወድ፣ ሲሄድ የልብስ ማጠቢያ ጣሳዋን ይዛ ከባልዲው ውሃ እየቀዳች ከከፍታ መልሳ ታፈሳለች፤ አየር እንዲገባበት። ጎረቤት ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣው ሴት አይታት፣ «ኮኒካ ዲዲ፣ እህቴ፣ ለዓሣ ሻይ እየቀዳሽ ነው?» አለቻት።

«ስኳር ስጭኝ» አለቻት ኮኒካ። «ያንቺን ያህል የሚለፈልፍ ከሆነ ያኔ መዳኑን አውቃለሁ።»

ከቀናት በኋላ ነጩ ነገር ከላልቱ ገላ ረገፈ። ሹብራ ልብስ ልትሰበስብ ወጥታ አየችው።

«ዳነ እኮ። አሁን መልሺው፣ ዳዳሽ እንዳይቆጣ።»

«አልዳነም። ከገላው የረገፈው ባልዲው ሥር ነው ያለው። እዚያ ይራባና ይመለስበታል። ውሃውን መለወጥ አለብኝ፣ ጨውንም አልተውም፣ ገና ነው።»

«አንቺ ሴት ግን ግትር ነሽ።»

«ዓሣውም ግትር ሳይሆን አይቀርም፤ እስካሁን አልሞተም።»

ታች ቤት ግን ሕክምናው በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ታራፓዳ ሻስትሪ ዓሣ የሚውጠው የሚያበላውን እጅ ክፋት ነው ብሎ አዲስ ነገር ተናገረ። እስከዚያ ቀን ኒርመሌንዱ ባቡ ዓሦቹን አብልቶ አያውቅም፤ የምታበላው ኮኒካ ናት። ደነገጠ። ለስንት ዓመት የእህቱ ክፋት ሲዋጥ የእሱ እንዲያው ተከምሮ መቆየቱ ነው። ጠዋት አበላ፣ በምሳ ሰዓት አበላ፣ ሻይ ሲጠጣ አበላ። ደጋፊዎቹም ሲመጡ ከሻዩ በፊት አንድ አንድ ቁንጣሪ ምግብ ለዓሦቹ ይጥላሉ። አንዱ ብስኩት ጣለ። አንዱ ቸር ሰው ስለነበር ሾንዴሽ የሚባለውን የወተት ጣፋጭ ቆርሶ ጣለላቸው፤ የቤቱ ጣፋጭ ወደ ዓሦቹ መድረሱ ነው።

ኮኒካ ገብታ አየች። ውሃው የሩዝ ቅቅል መስሏል፤ ይሸታል። «ዳዳ፣» አለች፣ «የታመመ ዓሣ አይበላም። የተረፈው ይበሰብስና ውሃውን መርዝ ያደርገዋል። ቢያንስ ግማሹን ውሃ ልለውጥላቸው።»

«እጅሽን እንዳታስገቢ» አለ ወንድሟ። «ትቀላቅይብኛለሽ።»

ሁለት ወርቃማዎች ሞቱ። ጣፋጭ ተገዛ።

ምርጫው ነገ ነው በተባለ ቀን ከሰዓት፣ ኮኒካ ባልዲው አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ሳለ ከደረጃው የሰው ትንፋሽ ሰማች። መጀመሪያ ኒርመሌንዱ ባቡ ወጣ፣ በእጁ የዓሣ መረብ ይዟል። ከኋላው ታራፓዳ ሻስትሪ እያለከለከ፣ ከእሱ ኋላ ሹብራ።

«ኮኒ፣» አለ ወንድሟ ረጋ ብሎ፣ «ዓሣውን ልወስደው ነው።»

«ለምን?»

ሻስትሪ ትንፋሹ ሲመለስለት መለሰላት። «ቁጥሩ አልሞላም፣ እህቴ። ያዘዝኩት ዘጠኝ ነው። ይሄኛው ከሁሉም አንጋፋ ነው፤ ትልቁን ክፋት የሚሸከም እሱ ነው። ከምርጫው በፊት ወደ ቦታው ተመልሶ ሥራውን ይጨርስ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

ቃሉን ማንም ደፍሮ አልተናገረውም።

ኮኒካ ወደ ባልዲው አየች። ላልቱ ጥላዋን ተከትሎ ወደ ላይ መጥቶ አፉን እየከፈተ እየከደነ ነው፤ ምግብ ፈልጎ እንጂ አየር አጥሮት አይደለም። ከታመመ ጀምሮ ሲመጣላት የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ታች ቢገባ በዚያ ውሃ ነገን አያይም። ልትለምን አፏን ከፈተች። ከዚያ የወንድሟን ፊት አየችና የሚለመን ፊት እንዳልሆነ ገባት። ብትጮህ ጎረቤት ይስቃል። ብትይዘው ከእጇ ይወስዱታል። ያኔ በቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚፈራው አንድ ነገር እንዳላት ትዝ አላት።

በሹብራ እህት ልጅ ሠርግ ሙሽሪትን እርድ ሲቀቡ ኮኒካ እጇን ዘርግታ፣ «አንቺ ተዪው፣ ኮኒካ፣ አንቺ አታውቂውም እንዴ» ተብላ የተመለሰች ናት። ወንድሟ ለጉዳይ ሲወጣ ከበሩ ፊት ገለል በይ የምትባል ናት። ባል የሞተባት ሴት ጥላ መልካም አይደለም ተብሎ።

ተነሳች። ባልዲውን በእግሯ ወደ ወንድሟ ገፋ አደረገችው።

«ይውሰዱት» አለች።

ኒርመሌንዱ ባቡ ጎንበስ አለ።

«ሲወስዱት ግን ይወቁት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ይሄ ዓሣ ከተፈለፈለ ጀምሮ ከሮቢን እጅና ከእኔ እጅ በቀር ከማንም በልቶ አያውቅም። ሻስትሪ እንዳሉት ዓሣ የሚውጠው ያበላውን እጅ ክፋት ነው። ሮቢን ሞቷል። እኔ ደግሞ የምን እጅ እንዳለኝ ቦውዲ ታውቃለች። ያንን ሁሉ ውጦ ተሞልቷል። አሁን ወስደው በእርስዎ ውሃ ውስጥ፣ በምርጫው ዋዜማ፣ ያፈንዱት። እኔ ምን ቸገረኝ፤ እኔማ ይቀለኛል።»

መረቡ ውሃውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

ኒርመሌንዱ ባቡ ኮከብ ቆጣሪውን አየው። ኮከብ ቆጣሪው ሰማዩን አየ። ገና ብርሃን ስለነበር የሚያማክረው ኮከብ አልነበረም።

«ይሄ…» አለ ሻስትሪ፣ «ይሄ በርግጥ ያስቸግራል።»

«በስምንት አይሆንም?» አለ ኒርመሌንዱ ባቡ፣ ሁለቱ ቀድሞ መሞታቸውን ረስቶ።

«ይሆናል። ስምንት እንዲያውም የተሻለ ነው።»

ኒርመሌንዱ ባቡ የመረቡ ጫፍ ባልዲውን እንዳልነካ አረጋግጦ ተነሳ፤ ሳሪ ለብሳ ጭቃ እንደምትሻገር ሴት ዳር ዳሩን ተራምዶ ወደ ደረጃው ሄደ። ሹብራ ወደኋላ ቀረች። ኮኒካን ትክ ብላ አየቻት፤ ልትቆጣ ነው ወይስ ልትስቅ ከንፈሯ ራሱ አልወሰነም። ከዚያ ወረደች።

በማግስቱ ጠዋት አኳሪየሙ ውስጥ ወርቃማዎቹ በሙሉ በጎናቸው ተንሳፈፉ። እንዲህ ያለ መልካም ምልክት በቤቱ ታይቶ አይታወቅም። ኒርመሌንዱ ባቡ አዲስ ኩርታውን ለብሶ፣ ለሰፈሩ የሚበቃ ሾንዴሽ አስቀድሞ አዝዞ፣ ኮኒካንም ከበሩ ፊት ገለል በይ ብሎ ወጣ። ምርጫው እጅ በማውጣት ነበር። ለእሱ የወጡት እጆች ጥቂት ነበሩ፤ አንዱ የራሱ ነው። ሻዩን ከጠጡት ብዙዎቹ ለፖልቱ ባቡ ያወጡትን እጅ ሳያወርዱ ከፊታቸው ያሉትን ሰዎች አቋርጠው ሾንዴሹን አነሱ።

ማታ ሻስትሪ መጣና አስረዳ። ዓሦቹ ባይሞቱ ኖሮ ሽንፈቱ ብቻ አይሆንም ነበር፤ ኒርመሌንዱ ባቡ ራሱ ይሄድ ነበር። ትልቁ አለፈ፣ ትንሹ ደረሰ። ኒርመሌንዱ ባቡ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይዞ አመሰገነ። ከእንግዲህ ግን ውሃ ይቅር ተባለ። ቤቱ አሁን በደቡብ በኩል በቀቀን ይፈልጋል።

«በቀቀን ቢታመም ሰው ይሰማዋል» አለች ኮኒካ ሳህን እያነሳች። «ይናገራል።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ ወንድሟ።

በሚቀጥለው ቀን ኮኒካ የላልቱን ውሃ እየለወጠች ሳለች ሹብራ ወደ ሰገነቱ ወጣች። የሳሪዋን ጫፍ አንድ ነገር ላይ ጥላበት ነበር። ስትገልጠው የአቻር ማሰሮ ነው፤ ውስጡ ጥቁሩ ዓሣ። ጅራቱ ተበልቷል፣ ገላው ነጭ በነጭ ነው፣ ግን ጉንጩ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ሲሞቱ እንዲሞት የተቀጠረው አልሞተም።

«ዳዳሽ ሽንት ቤት ድፊው ብሎኝ ነው» አለች ሹብራ፣ ዓይኗን ወደ ጎረቤት ሰገነት አድርጋ። «ይሄ ያየኝ መሰለኝ። እንዲያው አላስቻለኝም። ከላልቱ ጋር ጨምሪው።»

ኮኒካ እጇን በሳሪዋ ጠረገች። ማሰሮውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ከላልቱ ጋር አይገባም።»

«ወይ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ ደረጃ ይዤው ወጥቼ? ምን ይሁን ታዲያ?»

«እንግዳ መጀመሪያ በረንዳ ነው የሚቆየው» አለች ኮኒካ። «ያንን የልብስ ማጠቢያ ባልዲሽን አምጪ። ሳሙናውን በደንብ አለቅልቂው።»

ሹብራ፣ ዓሣ በሞተ ቁጥር ስታመሰግን የኖረችው ሹብራ፣ ስለ ባልዲዋ የሆነ ነገር እያጉረመረመች ለማምጣት ወረደች።